ከሻምፒዮንነት ወደ አፈር ሥራ

ኤፕሪል 18 ቀን 2015 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፖላንድ ዋና ከተማ ዋርሶ የሚገኘው ብሔራዊ ስታዲየም ከ50 ሺህ በላይ በሆነ ተመልካች ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፡፡ ሕዝቡ የመጣው እግር ኳስ ለማየት አልነበረም፡፡ የ2010 የዓለም ሻምፒዮንና የፖላንዳውያን ኩራት የሆነው የስፒድዌይ ሞተር ሳይክል ጋላቢ ቶማሽ ጎሎብ ከዓለም ሻምፒዮናው የሚሰናበትበት ምሽት ስለነበረ ነው፡፡

ምሽቱ ግን እንደታሰበው አላለፈም፡፡ በመጀመሪያ የማስጀመሪያው መሣሪያ አልሠራ አለ፡፡ ቀጥሎ ደግሞ መሙ ራሱ እየተቦረቦረ ሄደ፡፡ 12 ግጥሚያዎች ከተካሄዱ በኋላ ውድድሩ እንዲቋረጥ ተወሰነና እስከዚያ በተሰበሰበው ነጥብ የስሎቬኒያው ማቴይ ዣጋር አሸናፊ ተባለ፡፡ ለመሰናበቻ የመጣው ሕዝብ በፉጨትና በቁጣ ተበተነ፡፡

በማግስቱ የጋዜጦች ጣት የተቀሰረው አፈሩን ባነጠፈው ሰው ላይ ነበር፡፡ ሰውየው ደግሞ ለሥራው እንግዳ የሆነ ተራ ኮንትራክተር አልነበረም፡፡ ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ዴንማርካዊው ኦሌ ኦልሰን ነው፡፡

ይህ ታሪክ እኔን የሳበኝ ለሞተር ሳይክል ካለኝ ፍቅር የተነሳ አይደለም፡፡ ሙያዬ መንገድ ሥራ ነው፡፡ ገረጋንቲ ሲደፋ፣ በቦቴ ውኃ ሲረጭ፣ በግሬደር ሲስተካከልና በሮለር ሲጠቀጠቅ በማየት ብዙ ዓመታት አሳልፌያለሁ፡፡ ስለዚህ አንድ የዓለም ሻምፒዮን ስሙን በአፈርና በውኃ ምክንያት አስያዘ ሲባል ስሰማ ነገሩ ከጓዳዬ የወጣ ያህል ተሰማኝ፡፡ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና እስቲ ከመነሻው እንየው፡፡

ፍሬን የሌለው ሞተር

ስፒድዌይ በአገራችን ብዙም የሚታወቅ ስፖርት ስላልሆነ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል፡፡ አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች ጅማሬውን እ.ኤ.አ. በ1923 በአውስትራሊያ ዌስት ሜይትላንድ ከተማ ከተካሄደ ውድድር ጋር ያያይዙታል፡፡ በ1928 እንግሊዝ ገባ፡፡ በ1936 ደግሞ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ተካሄደ፡፡ ዛሬ በይበልጥ የሚዘወተረው በፖላንድ፣ በእንግሊዝ፣ በስዊድንና በዴንማርክ ነው፡፡

አንድ ግጥሚያ የሚካሄደው በአራት ጋላቢዎች መካከል ነው፡፡ ሞላላ በሆነ የአፈር መም ላይ ወደ ግራ እየታጠፉ አራት ዙር ይሮጣሉ፡፡ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ይፈጃል፡፡ አንደኛ የወጣ 3፣ ሁለተኛ 2፣ ሦስተኛ 1 ነጥብ ሲያገኝ የመጨረሻው ባዶ እጁን ይመለሳል፡፡

ሞተር ሳይክሉ ባለ አንድ ሲሊንደርና 500 ሲሲ ሲሆን የሚጠጣው ቤንዚን ሳይሆን ሜታኖል የተባለ አልኮል ነው፡፡ ማርሹ አንድ ብቻ ነው፡፡ ፍሬን ደግሞ ጨርሶ የለውም፡፡

«ታዲያ ኩርባው ላይ በምን ይቆማል?» የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ መልሱ አይቆምም ነው፡፡ ጋላቢው ኩርባው ጋ ሲደርስ የኋላ ጎማውን ሆን ብሎ ወደ ውጭ ያንሸራትታል፡፡ መሪውን ከኩርባው በተቃራኒ ይጠመዝዛል፡፡ የብረት ሶል የተገጠመለትን ግራ እግሩን መሬት ላይ እየጎተተ በመንሸራተቱ ራሱ ፍጥነቱን ይቆጣጠራል፡፡ ጎማው አፈሩን እየቆፈረና ወደ ኋላ እየረጨ ይገፋዋል፡፡

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፡፡ በመኪና ውድድር ፍሬኑም መያዣውም መኪናው ላይ ነው፡፡ በስፒድዌይ ግን ፍሬኑ ያለው አፈሩ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል፡፡ አፈሩ ከተበላሸ ጋላቢው ፍሬን እንደተበጠሰበት ሾፌር ነው፡፡

ከሃደርስሌቭ እስከ ዌምብሌይ

ኦሌ ኦልሰን የተወለደው በ1946 በደቡብ ዴንማርክ በምትገኘው ሃደርስሌቭ ከተማ ነው፡፡ በዚያን ጊዜ ዴንማርክ በስፒድዌይ ስሟ የሚጠራ አገር አልነበረችም፡፡ ጎበዝ መሆን የፈለገ ወደ እንግሊዝ መሄድ ነበረበት፡፡ ኦልሰንም በ1967 የኒውካስል ክለብን ተቀላቀለ፡፡ እዚያም በኋላ ስድስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ኒውዚላንዳዊውን አይቫን ሞገርን በክለብ ባልደረባነት አገኘው፡፡ ከኒውካስል በኋላ ለዎልቨርሃምፕተን፣ ቀጥሎም ለኮቨንትሪ ተወዳድሯል፡፡

የዓለም ሻምፒዮናው ያኔ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ነበር፡፡ 16 ጋላቢዎች ይሰበሰቡና 20 ግጥሚያዎች ይካሄዳሉ፡፡ እያንዳንዱ ሰው አምስት ጊዜ ይሮጣል፡፡ ስለዚህ ከፍተኛው ነጥብ 15 ነው፡፡ ኦልሰን በ1971 በስዊድን ጎተንበርግ 15ቱንም ነጥብ ጠራርጎ በመውሰድ የመጀመሪያው ዴንማርካዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፡፡ በ1975 በዌምብሌይ ይህንኑ ደገመው፡፡ በ1978 እንደገና በዌምብሌይ በ13 ነጥብ ሦስተኛውን ዘውድ ደፋ፡፡ ይህቺን 13 ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ፤ በኋላ እመለስባታለሁ፡፡

የሚገርመው ኦልሰን ወደ አፈር ሥራ የገባው ውድድር ካቆመ በኋላ አለመሆኑ ነው፡፡ በ1975፣ ማለትም ሁለተኛውን ዋንጫ ባነሳበት ዓመት፣ ከትውልድ ከተማው ብዙም በማትርቀው ቮየንስ የራሱን የስፒድዌይ ስታዲየም ከፈተ፡፡ ብዙ ስፖርተኞች ገንዘብ ሲያገኙ ሆቴል ወይም ሱቅ ይከፍታሉ፡፡ እሱ ግን መም ሠራ፡፡

መሙም ፍሬ አፈራ፡፡ በ1979 የዓለም የጥንድ ሻምፒዮና ፍጻሜ በቮየንስ ተካሂዶ ኦልሰን ከወጣቱ ሃንስ ኒልሰን ጋር ሆኖ አሸነፈ፡፡ በ1983 የዓለም የቡድን ዋንጫ ፍጻሜም እዚያው ተካሄደና ዴንማርክ ዋንጫውን ስታነሳ ኦልሰን የቡድኑ አባል ነበር፡፡ የውድድር ሕይወቱንም በዚሁ ዓመት አበቃ፡፡ ከእሱ ኋላ የመጡት ኤሪክ ጉንደርሰን ሦስት ጊዜ፣ ሃንስ ኒልሰን ደግሞ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል፡፡

አፈሩ ምን ይፈልጋል?

የመም አዘጋጅ ሥራ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል፡፡ ጠጠር ማፍሰስ፣ ውኃ መርጨት፣ በትራክተር መጥረግ፤ በቃ፡፡ ግን አይደለም፡፡

የስፒድዌይ መም ሁለት ክፍል አለው፡፡ ከሥር ያለው ጠንካራ መሠረት ነው፡፡ ከላይ ያለው ደግሞ ከደቀቀ ድንጋይና ጠጠሩን ከሚያያይዝ ሸክላማ አፈር የተደባለቀ ስስ ንጣፍ ነው፡፡ ድንጋዩ ለጎማው መቆንጠጫ ይሰጠዋል፡፡ ሸክላው እንደ ሙጫ ያጣብቃል፡፡ ሙጫው የሚሠራው ግን ልኩን የጠበቀ ውኃ ሲያገኝ ብቻ ነው፡፡

በፒስታ መንገድ የተጓዘ ሰው ይህንን ያውቀዋል፡፡ በበጋ ሸክላው ሲደርቅ ጠጠሩን ይለቀዋል፤ አቧራው ዓይን ያጠፋል፣ መንገዱም እየተፈረካከሰ መኪናውን ያንቀጠቅጣል፡፡ በክረምት ውኃ ሲበዛበት ደግሞ ያው መንገድ ጭቃ ሆኖ ጎማ ይውጣል፡፡ በሁለቱ መካከል አንድ ደህና ቀን አለ፤ ዝናብ ጣል አድርጎ ያባራበት፣ መሬቱ ረጠብ ብሎ የጠነከረበት ቀን፡፡ የመም አዘጋጅ ሥራ ያንን አንድ ደህና ቀን በየውድድሩ ምሽት መፍጠርና ለሦስት ሰዓት ያህል ማቆየት ነው፡፡

ማቆየቱ ከመፍጠሩ ይከብዳል፡፡ እያንዳንዱ ግጥሚያ አፈሩን ወደ ውጭው አጥር ይወረውረዋል፡፡ የውስጡ መስመር እየተላጠ ሲሄድ በውጭ በኩል ልል አፈር ይከመራል፡፡ መነሻው ላይ ደግሞ አራት የኋላ ጎማዎች በአንድ ቦታ ደጋግመው ስለሚሽከረከሩ ጉድጓድ ይወጣል፡፡ ለዚህ ነው በየጥቂት ግጥሚያው ትራክተር ገብቶ አፈሩን ወደ ውስጥ የሚመልሰው፣ ቦቴውም ተከትሎ ውኃ የሚረጨው፡፡ ተመልካቹ በዚያ ሰዓት ቢራውን ሊገዛ ይሄዳል፡፡ አዘጋጁ ግን ዋና ሥራውን የሚሠራው ያኔ ነው፡፡

ሌላም ጣጣ አለ፡፡ መሙ ጠፍጣፋና ደረቅ ሆኖ ቢጠነክር በውጭ በኩል ምንም መያዣ አይኖርም፡፡ ያኔ ከውስጠኛው መስመር ቀድሞ የወጣ ሰው እስከ መጨረሻው ይመራል፤ መቀዳደም የለም፣ ሕዝቡም ያዛጋል፡፡ በውጭ በኩል ልል አፈር ሲኖር ግን ደፋር ጋላቢ ራቅ ብሎ ይዞርና ጎማው አፈሩን ነክሶ ከኋላ አስፈንጥሮ ያወጣዋል፡፡ የስፒድዌይ ውበቱ ይህ ነው፡፡ ሆኖም ያ አፈር አንድ ቦታ ላይ በዝቶ ከተከመረ ወይም ከረጠበ፣ እየተንሸራተተ የነበረ ጎማ በድንገት ይነክስና ሞተሩ እንደደነገጠ ፈረስ ተነስቶ ጋላቢውን ወደ አጥሩ ይጥለዋል፡፡

ስለዚህ አዘጋጁ ሁለት ጌታ አለው፡፡ አንዱ «ትርዒት አሳየኝ» የሚለው ተመልካች ነው፡፡ ሌላው «በሕይወት መልሰኝ» የሚለው ጋላቢ ነው፡፡

የሁለተኛው ጌታ ጥያቄ ቀልድ አይደለም፡፡ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ኤሪክ ጉንደርሰን በ1989 በእንግሊዝ ብራድፎርድ በዓለም የቡድን ዋንጫ ፍጻሜ በመጀመሪያው ግጥሚያ፣ በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከሌሎች ጋር ተጋጭቶ ክፉኛ ተጎዳ፡፡ ሕይወቱ ተረፈ፤ የውድድር ሕይወቱ ግን እዚያው አበቃ፡፡ ይህንን ያነሳሁት አደጋው የአፈሩ ጥፋት ነበር ለማለት አይደለም፡፡ ፍሬን የሌላቸው አራት ሞተሮች ወደ አንድ ኩርባ ሲገቡ የሚተርፈው ክፍተት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማሳየት ነው፡፡

ስታዲየም ውስጥ የሚሠራ መም

በአንድ ምሽት የሚያልቀው የዓለም ሻምፒዮና ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1994 ሲሆን ቦታውም የኦልሰን የራሱ ቮየንስ ነበር፡፡ በቀጣዩ ዓመት፣ በ1995፣ በየአገሩ እየተዘዋወረ ነጥብ የሚጠራቀምበት የግራንድ ፕሪ ሥርዓት ተጀመረ፡፡ ከሐሳቡ ዋነኛ ገፋፊዎች አንዱ ኦልሰን ነበር፡፡ ለዓመታትም የውድድሩ ዳይሬክተር ሆኖ ሠርቷል፡፡

ከዚያ በኋላ የመጣው ሐሳብ ደፋር ነው፡፡ ስፒድዌይ ከከተማ ዳር ካሉ ትንንሽ ሜዳዎች ወጥቶ በትልልቅ ስታዲየሞች ይታይ ተባለ፡፡ እነዚያ ስታዲየሞች ግን የአፈር መም የላቸውም፡፡ ሣር ነው ያላቸው፡፡ እንግዲህ መሙን ይዞ መሄድ ግድ ሆነ፡፡

በ2001 በዌልስ ዋና ከተማ ካርዲፍ፣ ጣሪያው በሚዘጋው ሚሌኒየም ስታዲየም ውስጥ ኦልሰንና ባልደረቦቹ ርዝመቱ 280 ሜትር የማይሞላ ጊዜያዊ መም አነጠፉ፡፡ የመጀመሪያውን ውድድር ስዊድናዊው ቶኒ ሪካርድሰን አሸነፈ፡፡ ካርዲፍም እስከ 2019 ድረስ በየዓመቱ ሳያቋርጥ ውድድሩን አስተናገደ፡፡ በ2003 ደግሞ ተመሳሳዩ ሥራ በኮፐንሃገን ፓርከን ስታዲየም ተደገመ፡፡

ለመንገድ ሥራ ባለሙያ ይህ እጅ በአፍ የሚያስጭን ነገር ነው፡፡ በሺህ የሚቆጠር ቶን አፈርና ጠጠር በካሚዮን ተጭኖ ይገባል፡፡ ወለሉ እንዳይጎዳ ይሸፈናል፡፡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይነጠፋል፣ ይጠቀጠቃል፣ ውኃ ይጠጣል፡፡ አንድ ምሽት ይሮጥበታል፡፡ ከዚያ ይጫንና ይወጣል፤ ሣሩም ወደ ቦታው ይመለሳል፡፡

ችግሩ ያለው «በጥቂት ቀናት» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው፡፡ የቮየንስ ዓይነት ቋሚ መም በዝናብ፣ በፀሐይና በሮለር ዓመታት ሙሉ እየተረገጠ የጠነከረ ነው፡፡ ጊዜያዊው መም ያንን ዕድሜ አላገኘም፡፡ አፈር ሲጠቀጠቅ ትክክለኛው የእርጥበት መጠን ሊኖረው ይገባል፡፡ ሲበዛ ውኃው በቅንጣቶቹ መካከል ይታሰርና ሮለር ቢመላለስበትም እንደ ሊጥ ይተጣጠፋል እንጂ አይጠነክርም፡፡ ሜዳ ላይ ቢሆን ፀሐይና ነፋስ ያግዙናል፤ «ነገ ይድረቅና እንቀጥላለን» እንላለን፡፡ ጣሪያ ሥር ግን ፀሐይም ነፋስም የለም፡፡ ነገም የለም፤ ቲኬቱ ተሸጧል፡፡

ጌልሰንኪርሸንና ዋርሶ

ይህ ሁሉ ሥጋት እውን የሆነው በኦክቶበር 2008 ነው፡፡ የዓመቱ የመጨረሻ ግራንድ ፕሪ በጀርመን ጌልሰንኪርሸን፣ የእግር ኳስ ክለቡ ሻልከ በሚጫወትበት ባለ ጣሪያ ስታዲየም እንዲካሄድ ታቅዶ ነበር፡፡ መሙ ተነጠፈ፤ ነገር ግን አልጠነከረም፡፡ ለውድድር አደገኛ ነው ተብሎ ምሽቱ ተሰረዘ፡፡ ከአንድ ሳምንት በኋላ ውድድሩ ወደ ፖላንድ ቢድጎሽች ተዛውሮ ቋሚ መም ላይ ተካሄደ፡፡

ብዙ ሰው ይህንን ውርደት ነው ብሎታል፡፡ እኔ ግን ከሙያዬ አንፃር ሳየው ሌላ ነገርም ይታየኛል፡፡ ቲኬት ተሽጦ፣ ቴሌቪዥን ተዘጋጅቶ፣ ስፖንሰር ከፍሎ እያለ «አይሆንም» ማለት ከባድ ነው፡፡ ያልጠነከረ አፈር ላይ ፍሬን የሌላቸውን ሰዎች ከመልቀቅ ግን ይሻላል፡፡ ያን ዕለት ስም ጠፋ እንጂ ሰው አልጠፋም፡፡

ከሰባት ዓመት በኋላ የመጣው የዋርሶው ምሽት ደግሞ መጀመሪያ ላይ የተናገርኩት ነው፡፡ እዚያ መሰረዝ ሳይሆን ጀምሮ ማቋረጥ ሆነ፡፡ ይህ ደግሞ ከሁለቱ የከፋው ነው፡፡ ተወዳዳሪዎቹ እየተቦረቦረ በሚሄድ መም ላይ 12 ጊዜ ወጥተዋልና፡፡ በቀጣዩ ዓመት፣ በ2016፣ ውድድሩ ወደዚያው ስታዲየም ተመልሶ እስከ መጨረሻው ተካሂዶ እንግሊዛዊው ታይ ዎፊንደን አሸንፏል፡፡ ስለዚህ በዚያ ቦታ መም መሥራት የማይቻል ነገር አልነበረም ማለት ነው፡፡ ይህንን ለኦልሰን ብዬ ልደብቀው አልችልም፡፡

የማይታይ ሙያ

አሁን ወደ 13ቷ ነጥብ ልመለስ፡፡ በ1978 ኦልሰን ሊገኝ ከሚችለው 15 ነጥብ ሁለቱን ጥሎ እንኳን የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፡፡ ጋላቢ ስህተት ይፈቀድለታል፡፡ አንድ ግጥሚያ ቢያጣ በሚቀጥለው ያካክሳል፡፡ የመም አዘጋጅ ግን 15 ከ15 ማምጣት አለበት፡፡ በካርዲፍና በኮፐንሃገን ሰላም ያለፉትን ምሽቶች ማንም «የአፈሩ ሰው ጎበዝ ነው» ብሎ አልዘመረላቸውም፡፡ ሰው የተዘመረለት ጋላቢው ነው፡፡ የአዘጋጁ ስም በትልቁ የተጻፈው በጌልሰንኪርሸንና በዋርሶ ነው፡፡

ሻምፒዮን የነበረ ሰው ይህንን ሥራ መምረጡ ነው እኔን የሚያስደንቀኝ፡፡ ሻምፒዮን ጭብጨባ ለምዷል፡፡ የመም አዘጋጅ ትልቁ ደመወዝ ግን ዝምታ ነው፡፡ ማንም ስለ አፈሩ ካልተናገረ ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው፡፡ በእርግጥ ጋላቢነቱ ጠቅሞታል፤ ኩርባው ላይ ጎማ ምን እንደሚፈልግ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ሆኖም ዋርሶ እንዳሳየችው ያለፈ ዝና ጭቃን አያደርቅም፡፡ አፈር ሜዳሊያ አይቆጥርም፤ በየምሽቱ አዲስ ፈተና ያወጣል፡፡

በእኛም አገር መንገድ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጠው ባለሥልጣን ፎቶ ይነሳል፡፡ እርጥበቱን በእጁ ጨብጦ «ገና ነው፣ አትጠቅጥቁት» ያለው ፎርማን በፎቶው ውስጥ የለም፡፡ መንገዱ በዓመቱ ሲሰነጠቅ ግን ተጠርቶ የሚጠየቀው እሱ ነው፡፡ ከእንዲህ ዓይነት ፎርማኖች ጋር ሠርቻለሁ፡፡ አንዳንዶቹን ሰዓት አለቀ ብለን ያላዳመጥናቸው ጊዜ ነበር፤ እኔም ከማያዳምጡት አንዱ ነበርኩ፡፡ ያ የመንገድ ቁራጭ ዛሬም ሳልፍበት ያንቀጠቅጠኛል፡፡

የኦልሰንን ታሪክ ሳነብ የማስበው ይህንን ነው፡፡ ሰው ሌሎች የሚሮጡበትን መሬት ለማዘጋጀት ሲነሳ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፡፡ አንደኛው ዕውቀት ነው፤ እሱ ኦልሰን ሞልቶት ነበር፡፡ ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ ይህንን ደግሞ ቲኬት ሻጩ፣ ቴሌቪዥኑና አለቃው ካልሰጡት በቀር ሻምፒዮንም ቢሆን ከየትም አያመጣውም፡፡